ጳጉሜን ስድስት

ነሐሴ ነው፤ ቀሃ ሞልቷል፤
አራዳ ያለው ሱቄ ከውጭ ሲያዩት ተዘግቷል፤
ከውስጥ ግን አንድ መብራት፣ አንድ ወንበር፣ እኔ፣
የእትዬ አልጣሽ ፔንሲዮን ድረ ገጽ ላይ ተተክሎ ዓይኔ።

ማስጠንቀቂያው አጭር ነው፦ «ትልቁ አፕዴት ሊመጣ ነው፤ ከጳጉሜን በፊት
ያልታደሰ ተሰኪ አይገባም በዚህ ቤት።»

አሥራ አንድ ቆጠርሁ፦ ለፎቶ፣ ለክፍያ፣ ለካርታ፣
አንዱ ለምንዛሪ፣ አንዱ ለእንግዳ ሰላምታ።
ሰባቱ ባለቤት አላቸው፤ ለሦስቱ ምትክ አገኘሁ፤
አንዱ ላይ ስደርስ ቆምሁ።

«ዘመን ቀያሪ» ይላል። የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ
የሚያሻግር ትንሽ ድልድይ፤ የሠራው የቸቸላ ልጅ፣
ይርሳው ደምለው። ከአራት ዓመት በፊት የመጨረሻው እትም፤
ከዚያ ወዲያ ዝም።

ፋይሉን ስከፍተው፣ ከኮዱ መሐል፣ ከቅንፉ ጋራ፣
በአማርኛ እንዲህ ይላል፦ «ማኅደርን እንዳትረሱ፤ አደራ።»
የፋይል ማኅደር መስሎኝ ሰርቨሩን በረበርሁ፤
በዚያ ስም የተጠራ አንድም ፎልደር አላገኘሁ።

አዲሱን ሞከርሁት፦ ያማረ፣ ፈጣን፣ ኪራዩ በወር፤
አየሁት ከጳጉሜን አምስት ዘሎ መስከረም ላይ ሲያድር።
ዘመነ ሉቃስ ነው፤ አንዲቷን ቀን ዋጠ፤
ያቺ ስትዋጥ ደግሞ እስከ ጥር ድረስ ተናወጠ፦
ለከተራ የሚመጣ እንግዳ በዋዜማው ደርሶ
በሩን ያንኳኳል፤ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ትራሱን ተንተርሶ።

ጠዋት በባጃጅ ወደ አዘዞ ወረድሁ፤
ሰው ጠይቄ፣ ሰው ጠይቄ፣ አንድ የሴራሚክ መደብር ገባሁ።
ይርሳው ሰድር ይቆርጣል፤ አቧራው ሽፋሽፍቱ ላይ።
«ዘመን ቀያሪ? እሱ አሁንም አለ ወይ?»
ሳቀ። «ተይው እህቴ፤ የይለፍ ቃሉም ጠፍቶኛል፤
ያ ሥራ ምስጋና እንጂ ዳቦ መች ሰጥቶኛል።
አውጭው፤ በሌላ ተኪው፤ እኔ አልቀየምሽም፤
አንድ ሰድር ቢወልቅ ቤት አይፈርስም።»

«እሺ» አልሁ። «ማኅደርስ? እሱን የት ነው ያስቀመጥኸው?»
መቁረጫውን አጠፋው።

«ማኅደር ልጄ ናት። ጳጉሜን ስድስት ተወለደች፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፤
ያቺን መስመር ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ጻፍኋት፣ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ።
ያን ዕለት ለቀቅሁት፤ ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም፤
እሷም ከዚያ ወዲህ ልደቷን አላየችም።
ዘንድሮ አራት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ ነው መጀመሪያዋ፤
ያ አዲሱ ዕቃሽ ቀኗን ካልቆጠራት፣ የት ሊበራ ነው ሻማዋ?»

ማታ ባክአፕ አደረግሁ፤ ሁለቴ፤ አንዱን በፍላሽ።
ሥራው ሲጋመስ መብራት ሄደ፤ ደወሉ እትዬ አልጣሽ፦
«ልጄ፣ ክፍሎቼ ጠፉ?» «አልጠፉም፤ ይታገሱኝ።»
ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ከጨለማው ጋር አስቀመጠኝ።

መብራት መጣ። ሰባቱን አደስሁ፤ ሦስቱን ለወጥሁ፤
የይርሳውን ፋይል ከላይ እስከ ታች አነበብሁ።
ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆየ።
ሰረዝሁት።

ከዚያ በአዲሱ ሆድ ውስጥ ያቺን መስመር ጻፍሁ፤
ስሌቷን ከነቃሏ፣ ነጥብ ሳላጎድል፣ አስገባሁ።
ከሥሯም ጨመርሁ፣ ከእኔ በኋላ ለሚመጣ ሠራተኛ፦
«ከማጥፋትህ በፊት አዘዞ ውረድ። ማኅደርን ጠይቅ። እሷ ናት ስድስተኛ።»

ጳጉሜን ሁለት ሌሊት ትልቁ አፕዴት መጣ፤
ገጹ ነጣ፤ ልቤ ከደረቴ ወጣ፤
ከዚያ ተራ በተራ፣ ቁጥር አራት፣ ቁጥር ሰባት፣ የሰገነቷም አልጋ፤
ቀን መቁጠሪያው አምስትን አልፎ አንዲት ጠባብ ሣጥን ዘረጋ።

ስድስት ይላል። ክፍት ነው። ዋጋው እንደ ሌላው ቀን።
ማንም አልያዘውም እስካሁን።